ዳርት እንቁራሪት ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ እንቁራሪቷ መጨረሻ ላይ የምትገዛበት ዝርዝር መመሪያ

ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ልጅ ዩቲዩብ ላይ ሰማያዊ እንቁራሪት ያያል፤ ይለምናል። ቅዳሜ የእንስሳት ኤክስፖ ይኬዳል። እንቁራሪቷ፣ መስታወቱ፣ አፈሩና አንድ ኩባያ ዝንብ በአንድ ቀን ተገዝተው ቤት ይገባሉ። በሁለተኛው ሳምንት ዝንቡ ያልቃል። በሦስተኛው እንቁራሪቷ ትከሳለች። ከዚያ "ድሮም ቶሎ የምትሞት እንስሳ ናት" ተብሎ ይታለፋል።

እንደዚያ አይደለም። ዳርት እንቁራሪት በመርዟ የምትታወቅ የሐሩር አገር ትንሽ እንቁራሪት ናት። በደንብ ከተያዘች ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች። የሚገድላት የቅደም ተከተሉ መገለባበጥ ነው። መጀመሪያ ቤቷ ይሠራል። ቀጥሎ ምግቧ ይራባል። እሷ የምትገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ግዢ እስከ እንቁራሪቷ ቢያንስ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ይህን ያህል መጠበቅ የማይሆንላችሁ ከሆነ ከአሁኑ ተዉት።

ከሁሉ በፊት፦ የመርዙ ነገር

ዱር ውስጥ መርዙ የሚመጣው ከምትበላቸው ጉንዳኖችና ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ቤት ውስጥ ተወልዳ ዝንብ እየበላች ያደገች ዳርት እንቁራሪት መርዝ የላትም። በኮሎምቢያ የኤምቤራ ሕዝቦች የአደን ፍላጻቸውን የሚመርዙባት ቢጫዋ ቴሪቢሊስ እንኳ በሰው እጅ ከተራባች አትመርዝም። ከዱር የተያዘች ግን መርዟን ለረጅም ጊዜ ይዛ ልትቆይ ትችላለች። ከዱር የተያዘ አትግዙ።

መርዝ የላትም ማለት ትነካካ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የምትጎዳው እሷ ናት። ቆዳዋ ያገኘውን ሁሉ ይመጥጣል፤ የእጅ ቅባት፣ የሳሙና ቅሪት፣ ሳኒታይዘር፣ ሽቶ ሁሉ ይገባባታል። የግድ መያዝ ካለባችሁ ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት አድርጉና ክሎሪን በሌለው ውሃ አርጥቡት። ልጃችሁ የሚፈልገው የሚታቀፍ እንስሳ ከሆነ ይህቺ አትሆንም፤ ይህን ከግዢው በፊት ቁርጡን ንገሩት።

ደረጃ 1፦ ዝርያውን ምረጡ

ለጀማሪ ከሦስት አትውጡ።

ሉኮሜላስ። ቢጫና ጥቁር ናት፤ አገሯ ቬኔዝዌላና አካባቢዋ ነው። መጠኗ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ተሰብስበው መኖር ይችላሉ። ቀን ቀን ትታያለች፤ ወንዱ ደግሞ ደስ የሚል ድምፅ አለው። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚሰማው የዚህችን ስም ነው።

አውራተስ። አረንጓዴና ጥቁር ናት፤ ከኮስታሪካና ፓናማ አካባቢ። ጠንካራ ናት፤ ግን ዓይን አፋር ነች። ብዙ ቀን ቅጠል ብቻ እያያችሁ ልትውሉ ትችላላችሁ።

ቲንክቶሪየስ። ከሱሪናም፣ ከፈረንሳይ ጉያናና ከአካባቢው ናት። ከሦስቱ ተለቅ ያለችውና ደፋሯ እሷ ናት። ልጆች የሚወዷት ሰማያዊዋ "አዙሪየስ" የዚህ ዝርያ አንድ መልክ ናት። ችግሯ ሴቶቹ እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ወይም ብቻዋን ያዙ።

ፑሚሊዮና ራኒቶሜያ የሚባሉት ትናንሾቹ በጣም ያምራሉ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆኑም። ምግባቸው ይበልጥ ደቃቅ ነው፤ ስህተትም አይችሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ዝርያ ወይም የአንድ ዝርያ ሁለት መልክ አንድ መስታወት ውስጥ አታስገቡ። ይጣላሉ፣ በሽታ ይለዋወጣሉ፣ ይዳቀላሉም። ሻጩ "ችግር የለውም" ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ ዳርት እንቁራሪቶች ከ1987 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። አውሮፓ ያላችሁ ከሻጩ ሕጋዊ መነሻቸውን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበሉ። ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ውላችሁን አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ቦታ ፈልጉ፣ ሙቀቱን ለኩ

መስታወቱን ከመግዛታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ክፍል ሙቀት ለአንድ ሳምንት ለኩ። መርፌ ያለው የድሮ ቴርሞሜትር ይዋሻል፤ ዲጂታል ግዙ።

የምትፈልጉት ቀን ላይ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ በፋራናይት ከ72 እስከ 79 ነው። ማታ ወደ 19 ወይም 20 ቢወርድ አትጨነቁ። የሚያስፈራው ከላይ ያለው ነው። 29 ሴንቲግሬድ (85 ፋራናይት ገደማ) የአደጋው ደጃፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ለጥቂት ሰዓት መቆየት ሊገድላት ይችላል። ከሐሩር አገር ስለመጣች ሙቀት ትወዳለች ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የምትኖረው ግን ከጫካው ሥር፣ ጥላና እርጥበት ባለበት መሬት ላይ ነው።

መብራቱ ሲበራ የመስታወቱ ውስጥ ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ክፍላችሁ 26 ከሆነ ውስጡ 28 ሊደርስ ይችላል። ይህን ከአሁኑ አስቡት።

ቦታ ስትመርጡ፦

- ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። መስታወት ውስጥ ፀሐይ ከገባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅላታል።
- ከማእድ ቤት አርቁ። የዘይት ጭስና የጽዳት ኬሚካል አይስማማትም።
- ቡና የሚቆላበትና እጣን የሚጨስበት ሳሎን ከሆነ ሌላ ክፍል ፈልጉ። ክፍል ከሌላችሁ ቡናውን መስኮት ከፍታችሁ ራቅ ብላችሁ አፍሉ። እማማ ይቆጣሉ፤ ግን ይለመዳል።
- እሷ ባለችበት ክፍል ፍሊት አይነፋም። የፍሊት ብናኝ ዝንቧንም እሷንም ይጨርሳል። የሕንፃው አስተዳደር መድኃኒት ሊረጭ ሲመጣ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 3፦ ቴራሪየሙን (የመስታወት ቤቷን) ሥሩ

ለሁለት እንቁራሪት 45 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በፊት በኩል የሚከፈት መስታወት ይበቃል። ለሦስት ወይም ለአራት ሉኮሜላስ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ውሰዱ። ያገለገለ ከገዛችሁ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፤ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ሽታው እስኪጠፋ አየር ላይ አድርቁ። ሽታ እያለ ሥራ አትጀምሩ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ክዳኑን አስተካክሉ። ከላይ ያለው ወንፊት እርጥበቱን ያስወጣዋል። አብዛኛውን ክፍል በተቆረጠ መስታወት ሸፍኑና ለአየር ጠባብ መስመር ተዉ። የተረፈውን ክፍት ቦታ እጅግ ደቃቅ ወንፊት አልብሱት። የፋብሪካው ወንፊት ዝንብ ያሳልፋል። የበሩን ጠርዝና የገመድ መግቢያውንም ዝጉ።

2. ከታች ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሸክላ ጠጠር አፍስሱ። ለዕፅዋት የሚሸጠው ቀላሉ ጠጠር ነው። ትርፉ ውሃ እዚህ ይጠራቀማል።

3. በላዩ የፋይበር ወንፊት አንጥፉ። የብረት አይሁን፤ ይዝጋል። ይህ ወንፊት አፈሩን ከውሃው ይለያል። ቴራሪየሙ እየሸተተ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ጉዳዩ ሁሌም እዚህ ነው፤ ወንፊት የለም፣ አፈሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል።

4. ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር አፈር ጨምሩ። የኦርኪድ ቅርፊት፣ የፈርን ጭረት፣ ስፋግነም ሞስ፣ ፒትና የደቀቀ ከሰል የተቀላቀለበትን፣ "ኤቢጂ" የሚባለውን ድብልቅ ግዙ። ከሰሉ የባርቤኪው አይሁን፤ እሱ ማቀጣጠያ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። የጓሮ አፈርና ማዳበሪያ ያለበት የአበባ አፈር ክልክል ነው።

5. እንጨትና መደበቂያ አስገቡ። የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይበሰብስም። ለእያንዳንዷ እንቁራሪት ቢያንስ አንድ መደበቂያ ይኑር። መደበቂያ ያላት እንቁራሪት ይበልጥ ትወጣለች፤ የሌላት ጥግ ተለጥፋ ትውላለች።

6. ዕፅዋት ትከሉ። ፖቶስ፣ ብሮሚሊያድና ፊከስ ፑሚላ አያሳፍሩም። ከመትከላችሁ በፊት የመጣበትን አፈር ከሥሩ ሙሉ በሙሉ እጠቡ። ፀረ ተባይ፣ ማዳበሪያና የቀንድ አውጣ እንቁላል የሚገባው በዚህ ነው። አዲሱን ተክል ለብቻው ጥቂት ሳምንት ማቆየት ይበልጥ ያስተማምናል።

7. መሬቱን በደረቀ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። የኦክ ወይም የማግኖሊያ ቅጠል ይሁን፤ መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ የተለቀመ። ቀቅላችሁ አቀዝቅዙና ጣሉበት። ይህን የሚንቁት ብዙ ናቸው፤ ግን እንቁራሪቷ የምትደበቀውም የምታድነውም እዚሁ ውስጥ ነው።

8. ስፕሪንግቴልና ትናንሽ ነጭ አይሶፖዶች ልቀቁ። እነዚህ አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ሻጋታና ሰገራ የሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ስፕሪንግቴሏ ደግሞ ለእንቁራሪቷ መክሰስ ትሆናለች።

9. ከላይ የኤልኢዲ መብራት ስቀሉ። 6500 ኬልቪን የሚለውን ግዙና በታይመር በቀን 12 ሰዓት አብሩ። የማሞቂያ አምፖልም ሆነ የሚሞቅ ድንጋይ አያስፈልግም። ክረምቱ ከባድ ከሆነና ክፍሉ ከ18 በታች ከወረደ ክፍሉን አሙቁ፤ መስታወቱን አታሙቁ።

ስለ ውሃው

የቧንቧ ውሃ እንዳለ አትርጩ። "ለአንድ ሌሊት ክፍት አድርጌ አሳድረዋለሁ" የሚለው ዘዴ ለክሎሪን ይሠራል፤ ለክሎራሚን ግን አይሠራም። ክሎራሚን አይተንም። ብዙ ከተሞች፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ውሃቸውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው። የዓሣ መሸጫ ውስጥ የሚገኘውን፣ ክሎራሚንንም የሚያጠፋ ጠብታ ተጠቀሙ። ለመርጨት ዲስቲልድ ወይም በሪቨርስ ኦዝሞሲስ የተጣራ ውሃ ይሻላል፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ቅሪት አይተውም።

የውሃ ሳህን ካስቀመጣችሁ ጠፍጣፋ ይሁን። እነዚህ እንቁራሪቶች ጎበዝ ዋናተኞች አይደሉም።

ደረጃ 4፦ ዝንቡን አራቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ዳርት እንቁራሪት የሞተ ነገር አትበላም፤ የሚንቀሳቀስና ትንሽ የሆነ ነገር ብቻ ነው የምትበላው። ዋናው ምግቧ መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ሙዝ ሲበስል፣ ጠጅ ሲከፈት የሚሰበሰበው የዚያው ደቃቅ ዝንብ ዘመድ ነው፤ ይኼኛው ግን አይበርም። ሁለት ዓይነት ይሸጣል። ሜላኖጋስተር ትንሹ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ቀን ውስጥ አዲስ ትውልድ ይሰጣል። ሃይዳይ ተለቅ ያለው ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በሜላኖጋስተር ጀምሩ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ አንድ ሊትር ገደማ የሚይዙ፣ ክዳናቸው በጨርቅ የሚተነፍስ የፕላስቲክ ኩባያዎች፤ የቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ፤ የዝንቡ ምግብ። ምግቡን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ይቻላል። እቤት መሥራት የሚፈልግ ይህን ይሞክር፦

- 4 ስኒ የታሸገ ደረቅ ድንች (ውሃ ሲነካው የሚላቆጠው)
- 1 ስኒ የተፈጨ ስኳር
- ግማሽ ስኒ የቢራ እርሾ (የማይነፋው፣ ለምግብነት የሚሸጠው)
- 2 የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ፤ ሻጋታ ይከላከላል

አሠራሩ፦

1. በአንድ ኩባያ ግማሽ ስኒ ከደረቁ ድብልቅ አድርጉ።
2. ሁለት እጅ ሙቅ ውሃና አንድ እጅ አቼቶ ቀላቅላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። እንደ ለስላሳ ገንፎ ሲሆን አቁሙ። ኩባያውን ስታዘነብሉት የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ ድብልቁን ጨምሩ።
3. ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።
4. ከላይ ጥቂት ፍሬ ደረቅ የዳቦ እርሾ በትኑ። ጥቂት ማለት በሁለት ጣት ቆንጠር ከሚደረገውም ያነሰ ነው። እርሾ ከበዛ የሚወጣው ጋዝ ዝንቡን ያፍነዋል።
5. የተጨማደደ ወረቀት ወይም ፍቅፋቂ አስገቡ፤ ዝንቡ የሚወጣበት ነው።
6. ከ30 እስከ 50 ዝንብ ጨምሩ፤ ክደኑ።
7. ክዳኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። ሳትጽፉ አትለፉ።
8. ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለበት፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ አስቀምጡ።

ከዚያ በየሳምንቱ፣ ቀን ሳታዛንፉ፣ አንድ አዲስ ኩባያ ሥሩ። ለሁለት ለሦስት እንቁራሪት ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ኩባያዎች ይኑሯችሁ። አንዱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ዘር ይተርፋል። አዲሱን ኩባያ የምትዘሩት ከወጣቱ ኩባያ ነው፤ ካረጀው አይደለም። ወር የሞላውን ለአንድ ሌሊት ፍሪዘር አስገቡና ጣሉ።

ስፕሪንግቴሉም መጠባበቂያ ይኑረው። በክዳን የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሰልና ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ልቀቋቸው፤ ጥቂት ፍሬ ጥሬ ሩዝ ወይም እርሾ ይበቃቸዋል። ስትፈልጉ ውሃ ጨምራችሁ የተንሳፈፉትን ማፍሰስ ነው። ዝንብ ያለቀ ቀን የሚያድኑት እነዚህ ናቸው።

ዝንቡ ሲያስቸግር

ትሉ አለ፣ ዝንብ ግን አይወጣም። ክፍሉ ቀዝቅዟል ወይም ምግቡ ደርቋል። ትንሽ ውሃ ርጩ፤ ሞቅ ወዳለ ቦታ አዛውሩ።

ሻጋታ ወረሰው። የተዘራው ዝንብ ጥቂት ነው ወይም አቼቶው አንሷል። ትሎች ከበዙ ራሳቸው ይጠርጉታል። አረንጓዴና ጥቁር ከሆነ ጣሉት።

ኩባያው ላይ የሚንቀሳቀስ አቧራ ታየ። አቧራ አይደለም፤ ቅንቅን መሰል ተባይ ነው። ኩባያዎቹን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። የተበከለውን ፍሪዘር አስገቡ፤ መደርደሪያውን በሳሙና እጠቡ። አዲስ ስትዘሩ ዝንቡን መጀመሪያ በካልሲየም ዱቄት ነቅንቁት፤ ተባዩ ይራገፋል።

የሚበር ዝንብ ታየ። ከውጭ የገባ ዝንብ ተዳቅሎበታል። ያ ኩባያ ከአሁን በኋላ የሚበር ዝንብ መፈልፈሉን ይቀጥላል። ሳትከፍቱት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።

ቤቱ በዝንብ ተወረረ፣ ባለቤቴም ተቆጣች። ብርጭቆ ላይ አቼቶ አድርጉ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል አድርጉበት። ማታ ማእድ ቤት ይቀመጥ፤ ጠዋት ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ባዶውን አሠሩት

አሁን ቴራሪየሙም ዝንቡም አለ። እንቁራሪት ግን አሁንም አትግዙ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶውን ይሥራ። በየቀኑ ውሃ ርጩ፤ መብራቱን አብሩ፤ ሙቀቱን ጻፉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። አትደንግጡ፤ ስፕሪንግቴሉ ይበላዋል። ዕፅዋቱ ሥር ይሰዳሉ። መስታወቱ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ተሸፍኖ ከዋለ የአየር መስመሩን አስፉት። እርጥበቱ ከ70 እስከ 90 በመቶ መሆን አለበት፤ ግን ቅጠሎቹ በሁለት መርጨት መካከል ጠፈፍ ማለት ይገባቸዋል። ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ቤት የእግርና የቆዳ ቁስል ያመጣል።

ለመግዛት ዝግጁ የምትሆኑት ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ከራሳችሁ ኩባያ ሁለተኛ ትውልድ ዝንብ ሲወጣ፣ እና በጣም ሞቃታማ በሆነው ቀን እንኳ ውስጡ ከ27 ዲግሪ ሳያልፍ ሲቀር።

ደረጃ 6፦ እንቁራሪቷን ግዙ

ከሚያራባው ሰው በቀጥታ ግዙ። አሜሪካ ውስጥ ሉኮሜላስ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ትሸጣለች፤ እስካሁን ያወጣችሁት ከዚያ ስለሚበልጥ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ከውሃ ወጥታ ቢያንስ ሦስት ወር የሞላት ትሁን። ትንሿ ርካሽ ናት፤ ግን ቶሎ ትሞታለች።

እነዚህን ጠይቁ፦ እዚሁ የተራባች ናት? የትኛውን ዝንብ ትበላለች? የሰገራ ምርመራ ተደርጎላታል? ስትበላ ላያት እችላለሁ?

ከዚያ በዓይናችሁ መርምሩ። ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ዓይኗ የጠራ፣ ቆዳዋ ያልቆሰለ ይሁን። የዳሌዋ አጥንት ካፈጠጠ፣ ወይም ዝንብ አጠገቧ እየሄደ ዝም ካለች አትግዙ። "እኔ አድናታለሁ" ማለት ለጀማሪ አይሆንም።

በፖስታ የምትመጣ ከሆነ በከባድ ሙቀት ወይም በረዶ ወቅት አታስልኩ። ስትደርስ ሳጥኑን ደብዘዝ ባለ ብርሃን ክፈቱ፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስክትስማማ ጠብቁ፤ ኩባያዋን አዘንብላችሁ ራሷ ትውጣ። አትጎትቷት።

ደረጃ 7፦ ለይቶ ማቆያ

ያንን ሁሉ የለፋችሁበትን ቴራሪየም ገና አትክፈቱላት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱ፤ ትናንሽ ቀዳዳ ብሱለት። የረጠበ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፉ፤ መደበቂያና አንድ ሁለት የፖቶስ ቅጠል አስገቡ። ቢያንስ 30 ቀን፣ ቢቻል 60 ቀን እዚያ ትቆይ። ወረቀቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩ። ነጭ ወረቀት ላይ ሰገራዋ ይታያል፤ መብላት አለመብላቷንም ታውቃላችሁ።

በዚህ ጊዜ ሰገራዋን ለምርመራ ላኩ፤ ለኪትሪድ ፈንገስ ደግሞ የቆዳ ናሙና ይወሰድ። ኪትሪድ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎችን የጨረሰው ይኸው ፈንገስ ነው፤ በ1999 በሳይንስ ስም ሲወጣለትም የተገኘው ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ከሞተች ሰማያዊ ዳርት እንቁራሪት ላይ ነበር። አምፊቢያን (እንቁራሪትና መሰሎቿን) የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ከአሁኑ ፈልጉ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ይህን አያክምም፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

ለይቶ ማቆያው ውስጥ የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ለቴራሪየሙ አትጠቀሙ። ቆሻሻ ውሃውን በረኪና ጨምራችሁበት ድፉ፤ ጓሮ አትድፉ።

ደረጃ 8፦ የየዕለቱ ሥራ

ጠዋት መብራቱ እንደበራ ርጩ፤ ካስፈለገ ማታም። ሙቀቱን እዩ። እንቁራሪቶቹን ቁጠሩ።

አመጋገቡ እንዲህ ነው። የዝንቡን ኩባያ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉ፤ ዝንቡ ወደ ታች ይወርዳል። ክዳኑን ፈጠን ብላችሁ ክፈቱና የካልሲየም ዱቄት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አራግፉ። አንዴ አዙሩት። ነጭ የሆኑትን ዝንቦች ቴራሪየሙ ውስጥ ጨምሩ። ለአንዲት ያደገች እንቁራሪት ከ20 እስከ 40 ሜላኖጋስተር በቂ ነው፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ። ታዳጊዎች በየቀኑ ይብሉ። የሙዝ ቁራጭ አንድ ጥግ ብታስቀምጡ ዝንቡ እዚያ ይሰበሰባል።

ዱቄቱ ቀልድ የለውም። ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር ያለው ይሁን። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ቫይታሚን ኤ በሬቲኖል መልክ ያለበትን ስጡ። ከተከፈተ ስድስት ወር ያለፈውን ዱቄት ጣሉ፤ ዕቃው ላይ ቀን ጻፉ። ቫይታሚኑ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ዱቄቱን አይታችሁ ግን አታውቁም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብትደበቅ ተዉአት። በየሰዓቱ ቅጠል እየገለጣችሁ አትፈልጓት።

ነገር ሲበላሽ

ሙቀቱ 28 አለፈ። መብራቱን አጥፉ። ቀዝቃዛ ሳይሆን በክፍሉ ሙቀት ያለ ውሃ ርጩና የአየር መስመሩ ላይ ትንሽ ፋን አዙሩ። በፎጣ የተጠቀለለ የበረደ ጠርሙስ ከውጭ መስታወቱ ላይ አስደግፉ። መውጣቱን ከቀጠለ እንቁራሪቶቹን እርጥብ ሞስ ባለበት ሳጥን አድርጋችሁ ወደ ቤዝመንት ወይም ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል ውሰዱ። ዱባይ ወይም ዳላስ የምትኖሩ ይህን ሳጥን አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ ኤሲ የሚበላሸው ሁሌ በሐምሌ ነው። ለሥራ ስትወጡም ኤሲውን አታጥፉ።

እየከሳች ነው። መጀመሪያ ሌላዋ እየነዳቻት እንደሆነ እዩ። ጀርባዋ ላይ መውጣት፣ ማሳደድ፣ መታገል ምልክት ነው። ወዲያውኑ ለዩአቸው። ብቻዋን ሆና በልታ ካልወፈረች ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል፤ ሰገራ ይመርመር።

ምላሷን ትዘረጋለች፣ ግን ዝንቡን ትስታለች። የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ።

እግሯን ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች። አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም እጥረት ነው። እርጥብና ጨለም ያለ ሳጥን ውስጥ አድርጉ፤ አትረብሿት፤ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ደውሉ። ዱቄቱንም በአዲስ ቀይሩ።

እንደ ፊኛ አበጠች። ውስጧ ውሃ እየያዘ ነው። ምክንያቱ ኩላሊትም፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ይህ የቤት ሕክምና አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም።

ቴራሪየሙ ሸተተ። ውሃው ወንፊቱን አልፎ አፈሩ ገብቷል። በቀጭን ቱቦ ከጠጠሩ ውስጥ ምጠጡና ለጥቂት ቀን መርጨቱን ቀንሱ።

ከእንግዲህ አልችልም። ይህም ያጋጥማል። ለሚያራባ ሰው ስጡ። ደጅ አትልቀቁ፤ ወይ እሷ ትሞታለች፣ ወይ የያዘችውን በሽታ ለአገሬው እንቁራሪት ታስተላልፋለች። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች እዚያ አሉ፤ ኪትሪድም አገር ውስጥ መኖሩ ታውቋል። ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

ረጅም ጉዞ ስትሄዱ

በደንብ የበሉ ያደጉ እንቁራሪቶች ስፕሪንግቴል በሞላበት ቴራሪየም ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ቀን ያለ ጠባቂ ይቆያሉ። አገር ቤት ለአንድ ወር የምትሄዱ ከሆነ ግን ሰው ያስፈልጋል።

ከመሄዳችሁ ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ የዝንብ ኩባያዎቹን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሥሩ። ለጠባቂው በእያንዳንዱ ላይ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተጠቀም" ብላችሁ ጻፉ። የሚመገቡበትን ሦስት ቀን ምረጡለት፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ። ለመርጨት ትክክለኛውን ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ያለዚያ የቧንቧ ውሃ ነው የሚጠቀመው። ቢያንስ አንድ ጊዜ እያያችሁት ይመግብ። የሐኪሙን ስልክ፣ የኤሲውን ትክክለኛ ዲግሪና "ሙቀቱ 28 ካለፈ መብራቱን አጥፋና ደውልልኝ" የሚለውን በትልቁ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉ።